አምስተኛው ቁጥር

ወንድምየው አሳንሰር ጠጋኝ ነው። አንድ ሐሙስ ከስድስተኛ ፎቅ ላይ መፍቻ ሊያነሳ ሲያጎነብስ ስልኩ ከደረት ኪሱ ሾልኮ በአሳንሰሩ ጉድጓድ ቁልቁል ወረደ። ታች ደርሶ ሲከሰከስ የተሰማው ድምፅ፣ እሱ እንደሚያወራው፣ የስልኩ ሳይሆን የደመወዙ ነበር። ቅዳሜ ጧት እናቱንና ታላቅ እህቱን አስከትሎ ስልክ መሸጫው የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሚስቱ ሥራ ስለገባች አልመጣችም።

ታላቅ እህትየው መኪና መንዳት ታስተምራለች። ቤት ውስጥ የሚጠሯት «ፍሬን» ብለው ነው፤ አንድም ከተማሪዎቿ ጎን ተቀምጣ ፍሬን ስትረግጥ ስለምትውል፣ አንድም ቤተሰቡ ገንዘብ ሊያወጣ በተንደረደረ ቁጥር የምታስቆመው እሷ ስለሆነች። እናትየው ከእሷ ጋር ይኖራሉ። በመኖሪያ ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ለሰው መጋረጃ ይሰፋሉ።

ወንድምየው ገና ከበሩ እንደገባ አንድ የሚያብረቀርቅ ስልክ አንስቶ አልለቅም አለ።

«በወር ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ብቻ!» አለ።

«ለስንት ወር?» አለች ፍሬን።

«ለሃያ አራት ወር ነው» አለች ሻጯ። ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ቀልጣፋ ልጅ ናት።

«እጅ በእጅስ?»

«አሥራ ስምንት ሺህ።»

ፍሬን ስልኳን አውጥታ አባዛች። ያየችውን ስላላመነች እንደገና አባዛች። «ሃያ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ? አራት ሺህ ስምንት መቶው ጭማሪ ለምኑ ነው? ለካርቶኑ?»

«ለጊዜው ነው እህቴ። ደግሞ በክፍያ ሲወስዱ ትልቁን ወርኃዊ ጥቅል መግዛት ግዴታ ነው። አንድ ወር ካልተከፈለ ስልኩ ራሱን ይቆልፋል።»

«ራሱን ይቆልፋል?»

«ይቆልፋል።»

«ስማ» አለች ፍሬን ወደ ወንድሟ ዞራ፣ «አስቀምጠው። ቀስ ብለህ አስቀምጠው።»

ወንድምየው እንደ ሕፃን አኮረፈ። ሻጯ ገበያው ከእጇ ሊያመልጥ ሲል ጊዜ ወንበር ስባ እናትየውን አስቀመጠችና ሌላ መንገድ አመጣች። ሁሉም ቁጥራቸውን በአንድ የቤተሰብ ጥቅል ቢያስገቡ ይሻላቸዋል። ለአራት ቁጥር በወር ሁለት ሺህ አራት መቶ፣ ለአምስት ቁጥር ሁለት ሺህ አምስት መቶ። አምስት ከሆኑ ደግሞ ስልኩ ያለ ጭማሪ በእጅ በእጅ ዋጋው ለሃያ አራት ወር ይከፋፈላል፤ በወር ሰባት መቶ ሃምሳ።

ፍሬን ወደ ሻጯ ተጠጋች። «ቆይ፤ አምስተኛው ሰው በወር መቶ ብር ብቻ ነው የሚያስጨምረው?»

«አዎ።»

«በሱ ምክንያት ደግሞ አራት ሺህ ስምንት መቶው ይቀራል?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«እና እስካሁን ምን አስቀመጠሽ! መጀመሪያ ይኼንን አትነግሪንም?»

«እኛ ግን አራት ነን» አለ ወንድምየው። «ልጅ እስክንወልድ ቅናሹ ይጠብቀናል?»

ሻጯ ሳቀች። ለማንኛውም የትኛው መጠን እንደሚበቃችሁ ልይላችሁ ብላ የየስልኩን ሴቲንግ ከፍታ ባለፈው ወር ምን ያህል ኢንተርኔት እንደተጠቀሙ መረመረች። የፍሬን ጥቂት ነው፤ ካርታና መልእክት። ወንድምየው የእሱና የሚስቱ ስንት እንደሚፈጅ በቃሉ ነገራት። የእናትየውን ስልክ ስትከፍት ግን ቅንድቧ ወደ ላይ ተሰቀለ።

«የእማማ ለብቻው ከሦስታችሁ ድምር ይበልጣል።»

«የማን?» አለች ፍሬን።

«የእማማ።»

«ተሳስተሻል። እሷ ሲደወልላት ማንሳት ነው የምታውቀው። የካርድ ብር እንኳ እኔ አልሰጣትም፣ ከመጋረጃዋ ታወጣለች እንጂ። አንድ ሰው እየሰረቃት ነው። ሌባ ነው ይኼ!»

ሻጯ ስልኩን ወደ እነሱ አዞረች። «ሌባ አይደለም። የቪዲዮ ጥሪ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም። በቀን አራት አምስት ሰዓት ያህል ይሆናል።»

ፍሬን ክው አለች። ወንድምየው መጀመሪያ በሳቅ ሊፈነዳ ነበር፤ የእናቱን ፊት ሲያይ ግን ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቀረ። እናትየው አንገታቸውን ደፍተው የሻርፓቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። በሰርጓ ዕለት የምትሽኮረመም ሙሽራ ይመስላሉ።

«እማዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው... ሰው አገኘሽ እንዴ?»

«ዝም በል አንተ!» አለች ፍሬን። ግን እሷም ያንኑ እያሰበች ነበርና ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

እናትየው ቀና አሉ። ያዩት ልጆቻቸውን ሳይሆን ሻጯን ነበር።

«አምስተኛ ሰው ካስፈለገ» አሉ፣ «አለን።»

«ማን?»

«አክስታችሁ።»

መሸጫው ውስጥ አንድ ሰውዬ ለልጁ የስልክ ልባስ ሲያማርጥ ይሰማል።

ይህች አክስት በቤታቸው ስሟ አይነሳም። ፍሬን ገና ተማሪ ሳለች እናቷና አክስቷ አንድ መጋረጃ ቤት ነበራቸው፤ አንዷ ስትቆርጥ አንዷ ትሰፋለች። አንድ ቀን አክስትየው የስፌት መኪኖቹን ጭና፣ ደንበኞቹን ይዛ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄዳ የራሷን ከፈተች። እናትየው በባዶው ክፍል መሐል ቆመው «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አሉ። ፍሬን ሰማች። ሰምታም አልቀረች፣ እንደ አደራ ያዘችው። አምና ባንክ ቤት ወረፋ ላይ አክስትየው ድንገት አይታት «ልጄ!» ብላ እጇን ስትዘረጋላት፣ ፍሬን ፊቷን አዙራ፣ ወረፋዋን ጥላ ወጣች። ማታ ይህንኑ ለእናቷ ስትነግራቸው ኩራት ኩራት ብሏት ነበር።

አሁን በሩን ከፍታ ወጣች፤ መንገድ ዳር ወዳቆመችው የማስተማሪያ መኪናዋ ሄዳ ገባች። ከልማድ የተቀመጠችው በአስተማሪው በኩል ነበር።

ትንሽ ቆይተው እናትየው መጡ። በሹፌሩ በኩል ከፍተው መሪው ፊት ለፊት ተቀመጡ። መኪና ነድተው አያውቁም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ፍሬን።

«ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው።»

«ሦስት ዓመት!»

«አንድ ቀን ደወለች። ቁጥሬን ከየት እንዳገኘችው እንጃ። ሰላም አላለችኝ፣ እህቴ አላለችኝ። ‹ለሦስት ሜትር መስኮት ስንት ጊዜ ነበር የምናጥፈው?› አለችኝ። ነገርኳትና ዘጋሁባት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ‹እይልኝ፣ ልክ ነው?› ብላ በቪዲዮ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። የኔ ፀጉር ነው የመሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስልኩን ክር ሳጥኑ ላይ አስደግፌ እሰፋለሁ፣ እሷም እዚያ ትሰፋለች። ብዙ አናወራም። መኪናዋ ሲንኳኳ እሰማለሁ፣ የኔን ትሰማለች። መርፌ ሲሰበርባት ትሳደባለች፣ እስቃለሁ። አንቺ በር ስትከፍቺ እዘጋዋለሁ።»

ፍሬን ወደ እናቷ ዞረች። «የባንክ ቤቱን ነግሬሽ ነበር እኮ! ያን ማታ። እጇን ዘርግታ ፊቴን አዞርኩባት ስልሽ ‹ተያት፣ ራትሽን ብዪ› ነው ያልሽኝ!»

«አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

«እሷስ? ነገረችሽ?»

እናትየው መሪውን ያዙ። «በማግስቱ ጧት። እያለቀሰች። ‹እኔ ያሳደግኳት ልጅ› እያለች። እኔም አጽናናኋት።»

ፍሬን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማታ እሷን፣ ጧት አክስቷን፤ ሁለቱንም የሰማች እናት፣ የአንዷን ለሌላዋ ያልተናገረች።

«ቆይ እስቲ። መኪኖቹን ዘርፋ አልሄደችም? የነገርሽን እንደዚያ አይደለም?»

«ሦስት መኪና ወሰደች።» ድምፃቸው ወረደ። «ሁለቱ የራሷ ነበሩ። ሦስተኛውን በሳምንቱ መልሳ ልካው ነበር። እኔ ነኝ አልቀበልም ብዬ ከነተሸካሚው የመለስኩት። ተናድጄ ነበር ልጄ። ተናድጄ የተናገርኩትን አንቺ እንደ ቅዱስ ቃል ያዝሽው። ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርሽ? ‹እናትሽ ዋሽታ ነበር› ልበልሽ?»

«አዎ! እንደዚያ ትይኛለሽ!»

መስኮቱ ተንኳኳ። ወንድምየው ነው። አጎንብሶ በመስታወቱ አያቸው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሻጯ አምስታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ በአካል ካልመጣችሁ አይሆንም ትላለች» አለ። ከዚያ፣ ለእሱም ገና አሁን የገባው ይመስል፣ «አክስቴ ስልክ አላት እንዴ?» አለ።

ፍሬን ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አምስቱም መጡ። ፍሬን ሳምንቱን ሙሉ ከእናቷ ጋር ከ«በላሽ?» እና «መብራቱን አጥፊ» ያለፈ ቃል አልተለዋወጠችም። ልትቀርም አስባ ነበር። ለምን እንደመጣች ብትጠየቅ ስለ አራት ሺህ ስምንት መቶው ነው ባለች ነበር፤ ያን ደግሞ ማንም አያምናትም።

አክስትየው ዘግይታ ደረሰች። አጭር ናት፤ አንድ ትከሻዋ በስፌት ብዛት ወርዷል። እናትየው ተነስተው ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ያን ሁሉ ጊዜ በስክሪን ሲተያዩ አንድ ቀን እንኳ በአካል አልተገናኙም ነበር፤ አንዷ የሌላዋን በር ለማንኳኳት ድፍረት አጥታ።

«አጥረሻል» አሉ እናትየው።

«አንቺስ? ይኼን ሁሉ ወገብ እዚያ ክር ሳጥኑ ላይ መች አሳየሽኝ!»

ተቃቀፉ። ሲተቃቀፉ ግን ድምፅ አልነበራቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ሻጯ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ምንም እንዳላየች ትጽፍ ጀመር። የወንድምየው ሚስት፣ ነገሩን በግማሽ የሰማችው፣ ባሏን በክርኗ እየጎሸመች «ማናት?» ትላለች።

ከዚያ አክስትየው ወደ ፍሬን ዞረች።

ፍሬን ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። በመጀመሪያው ቃል ጠፋባት። «እንደምን አደሩ» አለች።

አክስትየው ከኋላዋ ሰው ይኖር እንደሆነ ዘወር ብላ አየች። «ማንን ነው?»

«እርስዎን።»

«እርስዎ?» አክስትየው ደረቷን በእጇ መታች። «አንቺ እያልሽ ፀጉሬን ስትነጪ ያደግሽ ልጅ፣ ቂጥሽን አጥቤ ያሳደግኩሽ፣ እኔን እርስዎ? ባንክ ቤት ፊትሽን ያዞርሽብኝ ይሻለኛል! ያኔ ቢያንስ ተቆጥተሽኝ ነበር!»

ፍሬን መላው መሸጫ ዞሮ ያያት መሰላት። «አንቺ» ለማለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ይቅርታ» ነው፤ ከዚያ እንባዋ ቀደማት፤ አክስትየውም ሌላ ነገር ለመናገር ጊዜ ሳትሰጣት ጎትታ ያዘቻት።

ሲፈርሙ አንድ ሰዓት ፈጀ። አክስትየው የሁለት ዓመት ውል መሆኑን ስትሰማ ልትጮህ ደረሰች፤ «እኔ ለራሴ ሁለት ዓመት መኖሬን በምን አውቃለሁ!» ብላ። ወንድምየው ስልኩን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ፍሬን አንገቱ ላይ የሚንጠለጠልበት ማሰሪያ አብራ ገዛችለት፤ የገዛ ገንዘቧን አውጥታ፣ ማንም ሳይለምናት።

አክስቷን ወደ ቤቷ የወሰደቻት እሷ ናት። እናትየው አብረው ሊገቡ በሩን ሲይዙ ፍሬን ለስለስ ባለ ድምፅ «አንቺ ከእነሱ ጋር ሂጂ እማዬ» አለች። እናትየው በሩን ለቀቁ። ቅር አላቸው፤ ግን አልተከራከሩም።

መንገድ ላይ አክስትየው ስለ ሁሉም ነገር ጠየቀቻት፤ ስለ ተማሪዎቿ፣ ስለ ጀርባ ሕመሟ፣ ለምን እንዳላገባች። እናቷ ሁሉንም ነግረዋታልና መልሱን ታውቀዋለች። ፍሬን ግን እንደ አዲስ መለሰችላት።

ከእናቷ ጋር ነገሩ በአንድ ቀን አልተፈታም። ለወራት ያህል፣ ደህና ሆኑ ሲባል፣ ፍሬን ድንገት ከመብል መሐል ቀና ትልና «ደግሞ ምንድን ነው ያልነገርሽኝ?» ትላቸዋለች። እናትየው መጀመሪያ መጀመሪያ ያለቅሱ ነበር። ኋላ ኋላ መናገር ጀመሩ። ከሚናገሩት አንዳንዱ ፍሬንን ማንኪያዋን ያስጥላት ነበር።