ማጥፊያ ብቻ

ለመካነ ሰላም ከተማና ለአካባቢዋ ክቡራን ነዋሪዎች በሙሉ! በጡረተኛው የፊዚክስ መምህር በጋሽ አስናቀው ቤት የሳሎኑ መብራት ከዛሬ ምሽት ጀምሮ ለባለቤቱ እጅ አልታዘዝም ማለቱን በጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን።

ጋሽ አስናቀው ማብሪያ ማጥፊያውን በመዳፋቸው ጎን ደግመው መቱት። ዝም። ከታች ወደ ላይ ገፋ አድርገው ሠለሱት። አሁንም ዝም።

"መብራት ሄዷል" አሉ።

"የማን መብራት?" አለች ባለቤታቸው ብርሀንነሽ። ጋሽ አስናቀው ነገ ጎሕ ሲቀድ ወደ ደሴ የሚይዙትን ልብስ በዳበሳ እያጠፈች ነበር።

በዚህ ከተማ ቤት ሲጨልም መጀመሪያ የሚታየው አምፖሉ አይደለም፤ የጎረቤት መስኮት ነው። ብርሀንነሽ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። የኡምኩልሱም መስኮት ቦግ ብሏል።

"የእነሱ መስመር ሌላ ነው" አሉ ጋሽ አስናቀው።

"የእኛስ ማድ ቤት? እሱም ሌላ መስመር ሆነ?"

ጋሽ አስናቀው ዞር ብለው አዩ። ከጓሮ በኩል የማድ ቤቱ አምፖል ምንም እንዳልተፈጠረ ያበራል።

ነገሩ የቆየ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ግማሽ ስሙን ጥሎ ማጥፊያ ብቻ ከሆነ ከርሟል። ማጥፋት ለሁሉም የተፈቀደ ነበር፤ እንግዳም ሕፃንም ያጠፋል። ማብራት ግን የጋሽ አስናቀው ነው። የንስሐ አባታቸው ሞክረው አልሆነላቸውም። ልጃቸው ሉሊት ከደሴ መጥታ ሞክራ ጥፍሯን ሰብራ ተመልሳለች። ጋሽ አስናቀው ከእድር ስብሰባ መሐል ተጠርተው ይመጣሉ፤ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ ጊዜ መታ ያደርጉታል፤ ቦግ! "አያችሁ?" ይላሉ፤ ወደ ስብሰባቸው ይመለሳሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ "ጋሽ አስናቀው ይጠሩ!" የሚባለው ለዚህ ብቻ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ብርሀንነሽም ታውቃለች።

ነገ ግን በአቀስታ ከተማ በኩል አድርጎ ደሴ በሚገባው ሚኒባስ ይሄዳሉ። የዓይናቸው ሞራ ሊገፈፍ ነው። ሐኪሙ ሂዱ እስኪላቸው ሉሊት ቤት ይሰነብታሉ።

"እርስዎ ደሴ ሲተኙ እኔ እዚህ ከማን ጋር ልጨልም?" አለች ብርሀንነሽ።

"አመታቱን አሳይቼሽ የለ?"

"እሱን አመታትማ መትቼው ነበር። እጄ ሳምንት አብጦ ከረመ።"

"ተናደሽ ስለመታሽው ነው። በፍቅር ነው የሚመታ።"

"በፍቅር የሚመታ ነገር እስካሁን አላየሁም!"

ጋሽ አስናቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሲሸነፉ ማስተማር ይጀምራሉ። "እንግዲያው በሥርዓቱ እንሂድ። መጀመሪያ አምፖሉ ይመርመር።"

አምፖሉን ፈትተው ማድ ቤት ወስደው ገጠሙት። በራ። "አምፖሉ ከክሱ ነፃ ነው" አሉና መለሱት። ከዚያ ቴስተራቸውን ከመሳቢያ አወጡ። ብርሀንነሽ የስልኳን ባትሪ አብርታ ያዘችላቸው። የማብሪያ ማጥፊያው ክዳን ሲነሣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ወጣ።

የቴስተሩን ጫፍ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው በሚገባው ሽቦ ላይ አሳረፉ። በቴስተሩ እጀታ ውስጥ ያለችው ትንሿ መብራት ቀላች። "ኤሌክትሪኩ እስከዚህ ደርሷል።" ወደሚወጣው ሽቦ አዛወሩት። ብርሀንነሽ ማብሪያውን ተጭና ብትይዝም ምንም የለም።

"ገብቶ አይወጣም" አሉ።

"ቢሮ እንደገባ ማመልከቻ በሉኛ።"

"ብልሽቱ ውስጡ ነው። መለወጥ አለበት።" ከዚያ ድምፃቸው ተስፋ ያዘ። "ግን አሁን ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ከደሴ ስመለስ..."

ብርሀንነሽ ወደ ቡፌው ሄደች። ከሠርግ ብርጭቆዎቹ ጀርባ ላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ አውጥታ እጃቸው ላይ አኖረችው።

"መቼ ነው የገዛሽው?"

"ለመስቀል።"

"ይኸን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሲያበሩት ፊትዎን አየው ነበራ።"

ጋሽ አስናቀው ላስቲኩን ቀደዱ። ሄደው ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር አወረዱ። ማድ ቤቱም ጠፋ። ተመልሰው ሽቦዎቹን በቴስተሩ ነኳቸው፤ የምትቀላ ነገር የለም። "ሳያረጋግጡ እጅ መስደድ ድፍረት ነው" አሉ፤ ድሮ ክፍል ውስጥ እንደሚሉት።

ካቻቢቴውን አነሡ። ጫፉ ከብሎኑ በጣት ስፋት ርቆ ግድግዳውን ቧጠጠ። ደገሙት፤ በሌላኛው በኩል ቧጠጠ። ብርሀንነሽ ስልኩን አስጠጋችላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሳቱ።

"ኧረ ይኸ ስልክ ክንዴን ገነጠለው" አለች ብርሀንነሽ። "እስቲ እንለዋወጥ፤ እርስዎ ባትሪውን ይያዙልኝ።"

ስልኩ ከካቻቢቴው ብዙም እንደማይከብድ ሁለቱም ያውቃሉ። ጋሽ አስናቀው ስልኩን ተቀበሉ።

"የትኛው ሽቦ የቱ ጋ እንደነበር ልብ በይ።"

"ቀዩ ከላይ፣ ጥቁሩ ከታች።"

"ብሎኑን አላዪ እንጂ ጨርሰሽ አታውጪው። ሽቦው ሲወጣ ወዲያው ወደ አዲሱ። መዳቡ ይግባ፤ የለበሰው ላስቲክ ግን ከብሎኑ ሥር እንዳይገባ። አጥብቂ። አሁን ጎትቺው።"

ጎተተች።

"መጣ?"

"አልመጣም።"

"ካልመጣ መልካም ነው።"

"በዚህ ቤት አልመጣም ሲባል መልካም ነው የተባለው ዛሬ ገና ነው" አለች ብርሀንነሽ፤ ሁለተኛውንም አጠበቀች። ብሎኑን የምታዞረው አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ መርፌ ውስጥ ክር እንደሚያስገባ ሰው ትንፋሿን ይዛ ነው። ጋሽ አስናቀው እጇን በደንብ አያዩትም፤ ድምፁን ግን ይሰማሉ። ብሎኑ አንድ ጊዜ እንኳ አላመለጣትም።

አሮጌውን በጣታቸው ዳሰሱት። ጀርባው ቀልጦ ተጨማድዷል፤ ውስጡ ጥቀርሻ ሆኗል። ሲመቱት የሚሰሙት ያ "ጠሽ" የሚል ድምፅ ምን እንደነበር አሁን ገባቸው። ከተማው ያደነቀላቸው ጥበብ ግድግዳው ውስጥ እሳት መጫር ነበር። ያውም ብርሀንነሽ ከመኝታ ቤት በኩል አልጋዋን ያስጠጋችበት ግድግዳ። አሮጌውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አኖሩት።

ብርሀንነሽ ክዳኑን ገጠመች። ጋሽ አስናቀው ሄደው ብሬከሩን መለሱ። ማድ ቤቱ በራ። ሳሎን ሲገቡ እጃቸው እንደ ልማዱ ለመምታት ተነሥቶ ነበር። አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ።

"ያብሩት" አሉ።

ብርሀንነሽ ወደ ኋላዋ ዞረች። የበሩ ደፍ ላይ ጎረቤታቸው ኡምኩልሱም ለመንገድ የሚሆን ድፎ ዳቦ ታቅፋ ቆማለች።

"እሷን ነው?" አለች ብርሀንነሽ።

"እርስዎን ነው፣ ወይዘሮ ብርሀንነሽ። ያብሩት።"

ብርሀንነሽ በአንድ ጣቷ ነካ አደረገችው። ሳሎኑ ቦግ አለ። አልተመታ፣ አልተለመነ።

"ማሻአላህ!" አለች ኡምኩልሱም። "ይኸ ነገር ተሠራ? የትኛውን ባለሙያ አምጥታችሁ ነው?"

"ከየትም አልመጡም፤ እዚሁ የነበሩ ናቸው" አሉ ጋሽ አስናቀው፤ ደረታቸውን ነፍተው ሚስታቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ። "ብሎን ሲያስሩ ብታያቸው! እጃቸው አይንቀጠቀጥም።"

"ብርሀንነሽን ነው አንቱ የሚሏት?" ኡምኩልሱም ሳቋ ዳቦውን ሊያስጥላት ደረሰ። "ወላሂ ጋሽ አስናቀው፣ ሚስትዎን እስከማይለዩ ከደረሱማ ደሴ ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ ይሂዱ!"

"ድሮ ነው ያልለየሁት" አሉ።

ኡምኩልሱም ዳቦውን አኖረች። "አብሽሩ፤ አላህ ዓይንዎን ያብራልዎ" ብላ መርቃ ወጣች። ወዲያው ተመለሰችና አጠፋችው፤ አበራችው፤ እንደገና አጠፋችው፤ አበራችው፤ እየሳቀች ሄደች።

ሻንጣው ተዘጋ። ጋሽ አስናቀው ጋቢያቸውን ደርበው አልጋቸው ላይ ጋደም አሉ።

"እንግዲህ ያጥፉትና ይተኙ" አሉ ወደ ሳሎኑ።

ወይዘሮ ብርሀንነሽ ጣታቸውን ማብሪያው ላይ እንዳኖሩ ቆሙ። "ኡምኩልሱም ሄዳለች እኮ። አሁንስ ለምንድን ነው አንቱ የሚሉኝ?"

"እርስዎም ከመስቀል ጀምሮ አልተናገሩም፤ እኔም አልናገርም" አሉ ጋሽ አስናቀው።