የኔነሽ ያልተናገረችው ስም

ታንጉት ልጇን የኔነሽን ገና ከበሩ ስታያት አንድ ነገር እንደሆነች ጠረጠረች። ሌላ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ወርውራ ወደ ምግቡ ነበር የምትሮጠው። ያን ሐሙስ ግን መጥታ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆመች።

«ወላጅ አምጪ ተብያለሁ» አለች።

ታንጉት መኪናውን አቆመች። ትሰፋው የነበረው የተማሪ ዩኒፎርም ከጉልበቷ ላይ ተንሸራተተ። «ምን አጥፍተሽ?»

«ምንም።»

«ያለ ምንም ወላጅ አይጠራም።»

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። የሰባተኛ ክፍል ስም ጠሪ የሆነው የመምህር ይስማው ተች ስልክ በእረፍት ሰዓት ከጠረጴዛው ላይ ጠፍቷል። በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ከቀሩት ልጆች አንዷ የኔነሽ ነበረች። መምህሩ አስነስቶ «የወሰደውን አይተሻል?» ሲላት መዋሸት አልሆነላትም፤ «አይቻለሁ» አለች። «ማነው?» ሲላት ግን «በሰው ፊት አልናገርም» አለች። ክፍሉ አጉረመረመ። ራሷ ወስዳው ነው ያሉም ነበሩ።

«ሌላስ? ሌላ ምን አሉሽ?»

«ሌላ ምን ይላሉ?»

ታንጉት የወደቀውን ዩኒፎርም አነሳች። እሷ ልጅ ሳለች በትውልድ መንደሯ እኩዮቿ «ቡዳ» እያሉ ይሸሿት ነበር። ቤተሰቧ ቤተ እስራኤል መሆኑን ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበርና። አንገቷን ቀና ያደረገችው አግብታ ጎንደር ከገባች፣ ከቤተ እስራኤሎች ጸሎት ቤት አጠገብ ተከራይታ መኖር ከጀመረች በኋላ ነው። እዚያ የኦሪት መምህሩ ሲያስተምሩ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሰምታለች። የሰማችውንም በማዕድ ላይ፣ በመንገድ ላይ፣ ፀጉሯን ስትሠራት ለልጇ ነግራታለች፦ ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር ደሙን እንደማፍሰስ እንደሚቆጠር፣ ያጠፋን ሰው ለብቻው ሄደው እንደሚነግሩት፣ ነገሩ እስኪጣራም በደጉ በኩል እንደሚያዩት። ካቻምና እናትና ልጅ ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ መጡ። ባሏ ዳኘው ጎንደር ብየዳ ቤት ስለሚሠራ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። እዚህ ማንነታቸውን ለማንም አልተናገሩም።

የልጇ መጠራት ማንነታቸው ታውቆ ቢሆንስ? ታዲያ ማን ነገረባቸው? ሐሳቧ አጥር ወደምትጋራት ወደ ዓለሚቱ ሄደ። ባለፈው ቅዳሜ ዓለሚቱ የተቀደደ ነጠላ ይዛ መጥታ «ቶሎ ጣል ጣል አድርጊልኝ» ስትላት፣ «ዛሬስ እጄን አሞኛል» ብላ መልሳት ነበር። ዓለሚቱም መጀመሪያ የተሸፈነውን መኪና፣ ቀጥላ እሳት የሌለበትን ምድጃ፣ በመጨረሻም የታንጉትን እጅ አይታ ወጣች። ያ አስተያየቷ ሳምንቱን ሙሉ ከታንጉት ሆድ አልወጣም።

የኔነሽ ውሃ ልትቀዳ ወደ ቦኖው ስትወርድ ታንጉት ብቻዋን ቀረች። የልጅቷ ቦርሳ ከመደቡ ላይ ነው። አየችው፤ ፊቷን አዞረች። ቢሆንስ? ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ ስልክ ይዘው ስታይ ቢያምራትስ? ተነስታ ዚፑን ከፈተች። ደብተሮቹን አንድ በአንድ አራገፈች፣ የጎን ኪሱን ዳበሰች። ከእስክሪብቶና ከተቆረሰ ዳቦ በቀር የለም።

«እማ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

የኔነሽ በሩ ላይ ቆማለች። ጀሪካኑን ረስታው ኖሮ ልትወስድ ነው የተመለሰችው።

«ምንም» አለች ታንጉት። የገዛ ድምፅዋ አስጠላት።

«አንቺም?» አለች ልጅቷ። ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ታንጉት ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ዓለሚቱ ደጇን ትጠርጋለች።

«ወዴት ነው በማለዳ?» አለቻት።

«እዚሁ ነኝ።»

«በሰላም ነው? ፊትሽ ጥሩ አይደለም እኮ።»

«በሰላም ነው» ብላ አለፈቻት። እንዲህ ካዘነችልኝ ታውቃለች ማለት ነው፣ ስትል አሰበች።

መምህር ይስማው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ብቻውን ሆኖ ተቀበላት። ወጣት ነው፤ በአክብሮት ወንበር ሰጣት፤ ፊቱ ግን አልተፈታም።

«ልጅዎ ጎበዝ ተማሪ ናት። ግን ጠባይዋ አይገባኝም» አለ። «ቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት አንድም ቀን መጥታ አታውቅም። አሁን ደግሞ ሌባ እያወቀች ትደብቃለች። ለመሆኑ እቤት ምንድን ነው የምታስተምሯት?»

ታንጉት የፈራችው ጥያቄ ይኸው ነበር። «ማን ነገረዎት?» አለች ሳታስበው።

«ምኑን?»

«ምንም፤ ይቅርታ። ሰው በሰው ፊት እንዳታሳፍር አስተምሬያታለሁ። ያጠፋ ብታይ ለብቻው እንድትነግረው። ደብቂ ግን አላልኳትም።»

«ይሄ የየት ትምህርት ነው?»

ወለሉን አየች፤ ከዚያ ቀና አለች። «የኦሪት።»

«ኦሪቱንማ እኛም እናነባለን» አለ። «እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ። ካልተገኘ ለርእሰ መምህሩ አሳልፌ እሰጠዋለሁ።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ «እኛም» ያላት ቃል አልለቀቃት አለ። «እናንተ» ከኛ የተለያችሁ ናችሁ ማለቱ ይሆን? ወይስ እንዲያው የአፍ ልማድ? ስታገላብጠው መንገዱ አለቀ።

ዓርብ ከሰዓት እንደ ወትሮው በጊዜ አበሰለች፤ ዳቦውን ጋግራ አወጣች፤ ሻማውን ለኩሳ መኪናውን ሸፈነች። የኔነሽ ሥራውን ሁሉ አገዘቻት፤ ግን ከእናቷ ጋር ብዙ አላወራችም። ፀሐይ ጠልቃ ገና ብርሃኑ ሳይለቅ በሩ ተንኳኳ።

ዓለሚቱ ናት። ልጇን ማስተዋልን እጇን ጨብጣ ይዛታለች። ማስተዋልም የዚያው ክፍል ተማሪ ናት።

«ልጄ ናት የወሰደችው» አለች ዓለሚቱ እንደገባች፤ የነጠላዋን ጫፍ ፈታ ስልኩን አሳየቻት። «የኔነሽ ትናንትም ዛሬም ለብቻዋ ጠርታ “መልሺው፣ ከፈራሽ አብሬሽ እሄዳለሁ” ብላታለች። ይህችው አሁን አልቅሳ ነገረችኝ። የኔነሽ ላንቺም አልነገረችሽም?»

«አልነገረችኝም» አለች ታንጉት። ወደ ልጇ ዞረች። የኔነሽ ግን ማስተዋልን ነበር የምታየው።

«እባክሽ ለመምህሩ በሌላው ስልኩ ደውይለት። እኔ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? አፌ አይታዘዝልኝም።»

የታንጉት ስልክ እመደቡ ጥግ ተዘግቶ ተቀምጧል። ሰንበት ገብቷል። ምን ትበላት? ዛሬም እጄን አሞኛል?

«መደወል አልችልም» አለች በመጨረሻ። «በእግር እንሂድ። አብሬሽ እገባለሁ።»

ዓለሚቱ አንገቷን ነቀነቀች። «ሰንበታችሁን ረስቼው ነው» አለች።

ታንጉት ደነገጠች። «ታውቂ ነበር?»

«ከመጣችሁ ጀምሮ። ቅዳሜ ጭስ ከማይወጣበት ቤት ጋር አጥር ተጋርቼ እንዴት አላውቅ? ያን ቅዳሜም ነጠላውን ይዤ ከመጣሁ በኋላ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ። ያንቺን ነገር ለማን ብዬ ላወራ?»

አራቱም ተያይዘው ወደ መምህሩ ቤት ወጡ። መንገዱን ሙሉ ታንጉት ዓለሚቱን አንዴ ታምናት፣ አንዴ ደግሞ ሌላስ ማን ያውቃል እያለች ትፈራ ነበር። መምህር ይስማው ደጁ ላይ ሆኖ ሰማቸው። ስልኩን ተቀብሎ፣ ምድር ምድር የምታየውን ማስተዋልን አስተዋላት።

«ስም አልጠራም» አለ። «ግን ሁለተኛ እንዳይለምድሽ።»

ሲመለሱ ታንጉት ልጇን ወደ ኋላ አስቀርታ «ቦርሳሽን በመፈተሼ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለቻት። የኔነሽ ጥቂት ከተራመደች በኋላ የእናቷን ክንድ ያዘች።

ሰኞ መምህሩ ስልኩ መገኘቱንና የኔነሽ እንዳልነካችው ለክፍሉ ተናገረ። ያመነ አመነ፤ ያላመነ ደግሞ አንሾካሾከ። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች።

«ማስተዋልስ ምን አለች?» አለች ታንጉት ማታ ራት ላይ።

«ዝም ብላለች።»

«ሄጄ ለእናቷ እነግራታለሁ! አንቺ በሷ ጥፋት...»

«እማ፣ ተይው። ፈርታ ነው።»

ታንጉት ተወችው፤ ከውስጧ ግን አልወጣላትም። ዓለሚቱ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ስትላት አሁንም ድምፅዋን መመዘኗ አልቀረም። ያም ሆኖ በሚቀጥለው ዓርብ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወደ አጥሩ ጠጋ ብላ ተጣራች።

«ዓለሚቱ! ማታ ከኛ ጋር ራት ብሉ።»

ዓለሚቱ ከጓሮዋ ብቅ አለች። «ዓርብ እኮ ጾም ነው። ምን ሠርተሻል?»

«ምስር ወጥ። ዳቦም አለ።»

«ምስር ከሆነማ እንመጣለን» አለች ዓለሚቱ፤ ልጇንም ልትጠራ ወደ ቤት ገባች።