ባለ አንድ ወንበር መኪና

እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ውድድሩ ስምንት ሰዓት መሆኑ ጥሩ ነው፣ ሙሀነድ ዋንዴገያ መስጊድ ኒካሁን ሲያስር እሷ እዚህ ከካምፓላ ወጣ ብሎ ቀይ አፈር ላይ ትሽከረከራለች፣ ቢያንስ እጇ ሥራ አይፈታም፣ ካባላጋላ ሰፈር እናቷ ምግብ ቤት ብትውል ኖሮ ምን ልትሠራ፣ ሽንኩርት እየላጠች እንባዋን በሽንኩርቱ ልታሳብብ፣ ሰዉ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ቤርሳቤህ የራስ ቁሩን ታጠልቃለች። የሙሀነድ ነው። የፀጉር ቅባቱን ይሸታል። ሌላ ግዢ ተብላ ነበር፣ አልሰማችም፣ መቼ ሰምታ ታውቃለች።

ጓደኛዋ ፌኒ በመስኮቱ አጎንብሳ ገብታ ቀበቶውን ትጎትታለች፣ ጠበቀ? ጠበቀ፣ ላላ ላድርገው? ተይው ይጥበቅ። ፌኒ ዓይኗን አታነሳም። ስሚ ቤርስዬ፣ ዛሬ ካልቻልሽ ይቅር፣ በሚቀጥለው ወርም ውድድር አለ፣ ማንም ምንም አይልሽም። አዎ አለ፣ በሚቀጥለው ወር ግን እሱ የሰው ባል ነው፣ አሁን ገና ነው፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ገና ነው። በዚህች ግማሽ ሰዓት ምን ይመጣል ብላ ነው፣ በሙሽራ ልብሱ ቦዳ ሞተር ተሳፍሮ አቧራ ለብሶ ሊመጣ ነው? ፊልም መሰለሽ እንዴ አንቺ። ግን የሜዳውን በር ታያለች። በሩ ላይ እንቁላል በቻፓቲ ጠቅልሎ ሮሌክስ የሚሸጠው ሰውዬና ሁለት ዘበኞች ብቻ ናቸው።

ሁለት ዓመት። ቡጎሎቢ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ይህቺን አሮጌ ኮሮላ አብረው ሲያራቁቷት፣ መስታወቷን አውልቀው፣ ምንጣፏን ገፍፈው፣ ውስጧን በብረት ቱቦ አጥረው፣ እሑድ እሑድ ደግሞ እዚህ ሞላላ ሜዳ ላይ መሪዋ በቀኝ ነውና እሱ በግራዋ ተቀምጦ ሲያስተምራት። አፈር ላይ መታጠፍ እንደ አስፋልት አይደለም ይላታል፣ ቀድመሽ ወደ ግራ ታዞሪያለሽ፣ ኋላዋ መንሸራተት ሲጀምር መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደማትሄጂበት፣ ነዳጅ ሳትነፍጊ። ያበደ ትምህርት። መቼ ነው የማዞረው? አትጨነቂ እኔ እነግርሻለሁ። ነገራትም፣ በየመታጠፊያው አዙሪ! ይላል፣ ታዞራለች፣ አዙሪ፣ ታዞራለች፣ አንድ ቀን እንኳ አፈሩን በራሷ ዓይን አላየችም፣ ስትጠብቅ የኖረችው አፉን ነው። የሁለቱም ጥፋት ነው። እሱ መንገር ይወዳል፣ እሷ መስማት።

ውድድር ላይ ግን የሚፈቀደው አንድ ወንበር ነው፣ ደንብ ነው። ባለፈው ወር የግራውን ወንበር ብሎን እየፈታ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ እማዬ ዓይኔ ሳይከደን ሃፍሳን አግባልኝ አለችኝ፣ እምቢ ማለት አቃተኝ ቤርሲ፣ አለ። ሃፍሳ የአባቱ ወዳጅ ልጅ ናት፣ ሶላቷን የማታዛንፍ፣ ደግ፣ ለመጥላት እንኳ የማትመች። እና እሷ ምን አለች? የኔም እናት ሬሳዬን ተራምደሽ ነው የምታገቢው ብላኝ አንተን መርጬ ነበር እኮ ማለት ነበረባት። ብሎኖቹን ስጠኝ እንዳይጠፉ፣ አለችው። ብሎን! ልቡ የተሰበረ ሰው ብሎን ይቀበላል? ተቀበለች፣ አራት ብሎን፣ ወንበሩንም አንድ ጎን ይዛ አብራው አወጣች።

የውሃ ቦቴው ሜዳውን አጠጥቶ ጨርሷል። መኪኖቹ ሁሉ ጭቃውን በጎማ ለመጠቅጠቅ ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ እሷ መጨረሻ ላይ፣ ጀማሪ የሚነሳው ከኋላ ነው፣ መኪናዋ ጀርባ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተጠላልፎ ተለጥፏል፣ ይህቺን ተጠንቀቋት ማለት ነው። የለጠፈው እሱ ነው። እናትሽ መስቀል ስለጥፍ ብታየኝ ተጠመቀ ትል ነበር ብሎ ስቆ ነበር፣ ሲስቅ ደግሞ ሃፍሳን እንደሚያገባ ያውቅ ነበር፣ ያን ቀን ሁሉን ያውቅ ነበር፣ እንዴት ነው የሚስቀው።

አረንጓዴው ባንዲራ። ጩኸት፣ ጭቃ፣ አሥር መኪና ከፊቷ ተግተልትሎ፣ መታጠፊያው መጣ፣ መጣ፣ በግራዋ ባዶ ብረት፣ ማንም ምንም አይልም፣ አዘገየችው፣ አዞረች፣ ሰማዩና አጥሩ ዙሪያዋን ተሽከረከሩ፣ ቆመች። ፊቷ ወደ መጣችበት ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። ተመልካቹ ይስቃል። ስምንት ሰዓት ከሩብ። ይሄኔ ኢማሙ ፊት ተቀምጦ ተቀብያለሁ እያለ ነው፣ ያ ድምፅ፣ ያ የሷ የነበረ ድምፅ፣ ለሌላ።

ቁልፉን ታዞራለች። አንዴ። ሁለቴ። ተነሺ እንጂ አንቺ ግትር፣ ተነሳች። እየተነፋረቀች ትነዳለች፣ አፍንጫዋን የምትጠርግበት እጅ የላትም፣ ሁለተኛውም መታጠፊያ አምልጧት አጥር ትታከካለች፣ ሦስተኛው ዙር ላይ አፈሩን ታያለች። ለመጀመሪያ ጊዜ። እርጥቡ ጥቁር ነው፣ የደረቀው ያብረቀርቃል፣ ጥቁሩ ሲያልቅ ጎማው ይከዳል፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት፣ እዚህ ጋ፣ ግራ፣ አሁን ቀኝ፣ ነዳጅ፣ ሄደችላት! እንደገና፣ ጥቁሩ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ነጩ መኪና ራዲያተሩ ጨሶ ወጥቷል አለፈችው፣ ደግሞ፣ ሰማያዊው በሰፊው ሲዞር በውስጥ በኩል ገባች፣ እጇ፣ እግሯ፣ አፈሩ፣ ሌላ ምንም፣ ምንም፣ ጥቁርና ነጭ ባንዲራ።

አለቀ? አሥር ዙር? ዘጠነኛ ወጥታለች፣ ፌኒ አጥሩ ላይ ወጥታ እልል ትላለች። እሷ ትቆጥራለች። ሦስተኛው ዙር ላይ ስታለቅስ ነበር፣ ከዚያስ? ከዚያ የለም። ሰባት ዙር ሙሉ አላሰበችውም። እሱ አገባ፣ እሷ ደግሞ ረስታው ነበር። እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው፣ ሰው እንዲህ ነው የሚሄደው፣ ባንቺው እጅ፣ ደስ ብሎሽ ሳለ? እሷም ከረሳች ሁለት ዓመቷን ማን ሊጠብቅላት ነው።

ሌሎቹ ወደ መውጫው ሲታጠፉ እሷ አትወጣም። ቀስ ብላ አንድ ዙር ትጨምራለች፣ ባለ ባንዲራው ውጪ! እያለ እጁን ያወናጭፋል፣ መጣሁ፣ ቆይ ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ፣ መታጠፊያው ይቀርባል፣ ጆሮዋን ወደ ግራ ትሰጣለች፣ አዙሪ በለኝ፣ አንዴ በለኝ፣ እባክህ፣ እጇ ግን ማንንም ሳይጠብቅ አዙሯል።