የሙሽራዋ አባት ማንኪያ

«ስቪ... ስቪ...» ኦድቫር የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በማንኪያ ቢደበድብ ቢደበድብ ቃሉ አልወጣ አለው።

«መጀመሪያውን ጠበቅ አርገህ ምታ! መጋጠሚያው ላይ ትንፋሽ ውሰድ፤ ሁለተኛውን ላላ አርገህ» አለችው ሚስቱ ቱሪድ፣ ሸሚዙን እየተኮሰች።

«አው... ቃለሁ!»

ቃሉ «ስቪገርሶን» ነው፤ «አማች»፣ የልጅ ባል ማለት። የአገሩ ቋንቋ መቼም ቃሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ካልተጋባ አይሆንለትም። ኦድቫር ደግሞ ባለፈው መኸር ስትሮክ ከጣለው ወዲህ አንዱን ቃል ይዞ ሁለተኛው ጋ ሳይደርስ ምላሱ ይታሰራል። የንግግር ሐኪሟ በምት አስለምዳዋለች፤ ማንኪያ ካለ ይናገራል። ዛሬ የልጁ የኢንጉን ሠርግ ነው፤ የሙሽራ አባት ሳይናገር ደግሞ ከማዕድ አይነሳም። ካቃተው ወንድሙ ላይዱልፍ ሊተካው ተዘጋጅቷል። ኦድቫር ግን ሙሽራውን ዩስታይንን በገዛ አፉ «አማቼ» ሊለው ቆርጧል። ስትሮኩ ጀልባ ላይ የጣለው ቀን አዝሎ ያወጣው እሱ ነዋ!

አመሻሹ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኦድቫር ተነሳ። ሰው እንዳያይበት ጭኑን በስውር እየመታ የልጁን ልጅነት ደህና አድርጎ አወራ። ከዚያ ወደ ሙሽራው ዞረ።

«አንተ... የኔ ስቪ...»

ጭኑን መታ፤ አልሆነም። እንደገና መታ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ላይዱልፍ ተነስቶ ትከሻውን ያዘና «ልጨርስልህ እንዴ?» አለው በሹክሹክታ።

ኦድቫር ቢጨንቀው ማንኪያውን አፈፍ አድርጎ ፊቱ ያለውን ብርጭቆ መታ። ቂው!

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። በአገሩ ወግ በሠርግ ብርጭቆ ከተመታ ሙሽሮች መሳሳም አለባቸው፤ ሁለቱም ብድግ ብለው ተሳሳሙ። ኦድቫር በእፍረት ቀላ።

«አይ... አይደለም፣ እኔ...»

«አባዬ!» አለች ኢንጉን ሳቅና እንባ እየተናነቃት። «ምታው! እስኪወጣልህ ምታው፤ እኛ እንደሆንን አይደክመን!»

«እኔማ ለዚሁ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ ዩስታይን።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኦድቫርም ሳቀ፤ የወንድሙን እጅ ከትከሻው አወረደና ብርጭቆውን በኃይል መታ። «ስቪገር!» ሙሽሮቹ ተሳሳሙ። ቀለል አርጎ መታ። «ሶን!» ተሳሳሙ።

«እሰይ፣ የኔ ጀግና!» ብላ ቱሪድ ከመቀመጫዋ ዘለለች።

ጭብጨባው ሲበርድ ኦድቫር አልተቀመጠም። ማንኪያውን አየት አደረገና ብርጭቆውን አንዴ ደግሞ መታ። ሙሽሮቹ ሊነሱ ሲሉ በእጁ ተቀመጡ አላቸውና ሊስማት ወደ ቱሪድ ዞረ።