የድንበርተኛ መሐላ

ባየህ ሌባ አይደለም። የሰው በሬ ነድቶ፣ የሰው ነዶ ጎትቶ አያውቅም። ሌባ ቢሆን ኖሮ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ያውቅበት ነበር።

በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲገነፍል የቁሐር ሚካኤል ማሳ ግማሹ ደለል ለበሰ። ሩዙ ለጠፋበት ገበሬ መንግሥት ድጎማ ይከፍላል ተባለ። የባየህ ማሳ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውሃው ሳይነካው አልፏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል የሚያስብል ነገር ነበር። ዘንድሮ ግን አገሩ ሁሉ ስለ ድጎማ ሲያወራ፣ ባየህ መትረፉን እንደ ጉዳት ቆጠረው። የሰው ልብ ጉድ ነው።

ጉዳቱን የሚመዘግበው ኮሚቴ የታችኛውን ማሳ አይቶ ጨረሰ። በማግስቱ የላይኛውን ሊያይ ሲል፣ ባየህ ማልዶ ዶማውን ይዞ ወረደና ማሳውን ከቦዩ የሚለየውን የአፈር ክትር ቆረጠው። ጥቂት ውሃ አስገብቶ፣ የተጎዳ አስመስሎ፣ መልሶ ሊዘጋው ነበር ሐሳቡ። ውሃ ደግሞ የሰው ሐሳብ አያውቅም። ቀዳዳውን እያሰፋ ገባና የእሱን ማሳ አጥለቅልቆ ቁልቁል ወደ እትዬ አምሳል ሩዝ ወረደ። እትዬ አምሳል ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከዚያች ቁራሽ መሬት በቀር ምንም የሌላቸው ድንበርተኛው ናቸው።

ኮሚቴው ሲደርስ እሳቸው ተጠሩ። በአገሩ ደንብ የማሳን ጉዳት ምሎ የሚመሰክር ድንበርተኛ ነው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ።

"ጎርፍ ነው ወይ እትዬ?" አላቸው ሰብሳቢው አበረ።

"ሚካኤልን! ወንዙ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል? የሱን አልፎ የኔንም ይዞት ሄደ።"

"የርስዎማ ትናንት ታይቶ ደህና ተብሏል። ወደ ኋላ አንመለስም።"

ባየህ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። አንዲት ቃል ብትወጣው ይበቃ ነበር፤ አልወጣችም።

ድጎማው በጥቅምት ተከፈለ። ሚስቱ ደብሬ ጊደር እንግዛ ትላለች፣ እሱ ግን ብሩን ቆልፎ አስቀመጠው። እትዬ አምሳል በዚያ ወር የሰው ሩዝ በቀን ሥራ ያጭዱ ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኙት ቀና ብለው "እንኳን አገኘህ ልጄ" ይሉታል። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ራሱን ጠላ።

ኅዳር ዐሥራ አንድ ቀን ብሩን እንዳለ ይዞ ቤታቸው ሄደ።

"ይሄ የርስዎ ነው።"

"ምን ሁነህ ነው? አንተም እኮ ተጎድተሃል።"

"አልተጎዳሁም። ክትሩን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ሩዝዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

እትዬ አምሳል አልጮኹም። ብሩንም አልነኩት። እጃቸው ብቻ አንገታቸው ላይ ወዳለው ማተብ ሄደ።

"ሩዙስ ለከርሞ ይበቅላል" አሉ። "እኔ ግን ወንዙ ነው ብየ በሚካኤል ምያለሁ። በዚህ እድሜየ በሐሰት አስማልኸኝ?"

ባየህ ይህን አንድም ቀን አላሰበውም። ሲያብሰለስል የከረመው ሩዙንና ብሩን ነው። መደቡ ላይ ተቀመጠ።

"ብሩን ለመንግሥት እመልሳለሁ፣ እትዬ። የፈለጉትን አደርጋለሁ።"

"ነገ ሚካኤል ነው። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ አበረም ይኖራል፣ አገሩም ይኖራል። እዚያ ቁመህ እውነቱን ተናግረህ መሐላየን ታነሳልኛለህ።"

"በሰው ሁሉ ፊት?"

"እኔስ የማልሁት በማን ፊት ነበር?"