ለክንፈ ብረት ማን ይጸልይለት?

ሰው በጎረቤቱ ይቀናል፣ በእህቱ ይቀናል፣ ከባሰበትም በሟች ይቀናል። እኔ አርባ ሦስት ዓመቴን ደፍኜ በካርቱን ቀናሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ብናገር የሚስቅብኝ እንጂ የሚያዝንልኝ አላገኝም።

ካርቱኑ ክንፈ ብረት ይባላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በቴሌቪዥን ይመጣል። ሰማያዊ ካባ ደርቦ ከፎቅ ፎቅ ይበራል፣ ሊገለበጥ ያለ አውቶቡስ በትከሻው ይደግፋል፣ ከእሳት ውስጥ ሰው ያወጣል። ድምፁ የታናሽ ወንድሜ ነው። የውጭ ፊልሞችን ወደ እኛ ቋንቋ መልሶ ድምፅ በሚሰጥ ስቱዲዮ ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን ቁልፉን ረስቶ ላደርስለት ሄጄ ሲሠራ አየሁት። ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ የተለጠፈበት፣ ከቁም ሳጥን ብዙም የማይሰፋ ክፍል ውስጥ በካልሲ ቆሞ "አይዟችሁ፣ ደርሻለሁ!" እያለ ይጮሃል። ጫማውን ያወለቀው ኮቴው ማይክሮፎኑ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ከተማ የሚያድነው ጀግና ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል።

እኔ ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው፤ እናቴ ከመኪናው ሁለት እርምጃ ርቃ ሶፋዋ ላይ ትውላለች። ዓይኗ ከደከመ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ ፊት አትለይም። አጥባታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ እሰጣታለሁ፣ ከምሳ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ አነብላታለሁ። ወንድሜ በወር አንዴ ብርቱካን አንጠልጥሎ ብቅ ይላል። ስለ ብርቱካኑ ሳምንት ሙሉ ይወራል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኔ ነው።

ይህንንስ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ጸሎቱን ነው።

እናቴ የምትጸልየው ድምጿን አውጥታ ነው፤ ሁልጊዜም ካርቱኑ ሊጀምር ሲል። "ጌታ ሆይ፣ ልጄን ጠብቅልኝ፣ ጉሮሮውን ጠብቅልኝ። ክንፈ ብረትንም ዛሬ ከሚገባበት እሳት በደህና አውጣው፣ ከዚያ ሁሉ ከፍታ አትጣለው።" ቀጥሎ የፖስተኛው ወገብ ይመጣል። ከዚያ ደም ግፊቷን የምትለካላት ነርስ፣ ከዚያ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰካራም፣ ከዚያ የሰካራሙ ውሻ። ውሻው እንኳ ደርሶታል! እኔ እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ፣ ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ። ስሜ አይመጣም። አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ነገሩን በሃይማኖት አሳብቤ ሞከርኳት።

"እማዬ፣ ለካርቱን መጸለይ ኃጢአት አይሆንም? አዳኝ አንድ ነው ብለሽ ያሳደግሽን አንቺ ነሽ።"

"ታዲያ አድነኝ አልኩት እንዴ? አድነው ነው ያልኩት።"

"ሥዕል ነው እኮ! ነፍስ የለውም።"

"ሥዕል መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ድምፁ ግን የልጄ ነው። ደግሞስ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያድን ለሚውል ማን ይጸልይለት? የዳኑት እንደሆኑ አመሰግናለሁ ብለው ሮጠው ቤታቸው ይገባሉ።" ትንሽ አሰብ አድርጋ ፈገግ አለች። "ስሙስ ቢሆን የመልአክ ስም አይመስልም?"

ለእኔስ ማን ይጸልይ የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ልመና መሰለብኝ።

አንድ ሰኞ የጂንስ ሱሪ እግር ስቀመቅም መርፌው ጣቴን ከነጥፍሬ ወጋው። ቤቱ እስኪናወጥ ጮህኩ። እናቴ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ "እሽሽ! ልጄ እያወራ ነው" አለችኝ። ጣቴን በብጣሽ ጨርቅ እያሰርኩ ቴሌቪዥኑን አየሁት። ክንፈ ብረት አንዲት ድመት ከዛፍ ያወርዳል።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል የቴሌቪዥኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩት።

"ካርቱኑን አቆሙት አሉ" አልኳት።

"ማን አለ?"

"ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያወራው።"

"ልጄ ምን ሆነ? እስቲ ደውይለት።"

"ስልኩ አይሠራም።"

ሐሳቤን ልንገራችሁ፣ ከተዋረድኩ አይቀር። ክንፈ ብረት ከጸሎቱ ሲወጣ አንድ ቦታ ይለቀቃል፣ ያን ቦታ እኔ እይዘዋለሁ ብዬ ነበር። እናቴ ግን ልጇ አንድ ነገር እንዳገኘው እርግጠኛ ሆነች። ከሶፋው ወርዳ ተንበረከከች። ፖስተኛው፣ ነርሷ፣ ሰካራሙ፣ ሁሉም ቀሩና ጸሎቱ እንዳለ ለወንድሜ ሆነ። በሁለተኛው ቀን ምሳ አልበላም አለች። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ አብጦ ቅባት ቀባኋት። እየቀባኋትም ቀናሁ፤ ያ ጉልበት ለእኔ ብሎ አብጦ ቢሆን ብዬ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የእኔ በአራተኛው ቀን አለቀ። ወንድሜ ብርቱካኑን አንጠልጥሎ መጣ። እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ዳበሰችው፣ ግንባሩን፣ አገጩን፣ ጉሮሮውን።

"ተርፈህልኛል! ሥራውን አስቆሟችሁ አይደል?"

"ማን አስቆመን? ትናንት እንኳ ሙሉ ቀን ድልድይ ተሸክሜ ነው የዋልኩት" ብሎ ሳቀ።

ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። የተነቀለውን ገመድ አይቶ ነበር። ከዚያ እኔን አየኝ። ሊያጋልጠኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሰካና "ሶኬቱ ላልቶ ነው እማዬ። እትዬ በምን ታውቀዋለች?" አለ። እኔንም አዳነኝ! ከወንድም ሁሉ ነገር ይቻላል፤ ጥፋቴን ሸፍኖልኝ መሄዱን ግን እንዴት ልቻለው?

በሩ እንደተዘጋ እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደ እኔ አዞረች።

"አንቺ ነሽ የነቀልሽው።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ምን አድርጌሽ?"

የስድስት ዓመቱን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። "ለሰካራሙ ውሻ ትጸልያለሽ! ለተሳለ ሰውዬ ትጸልያለሽ! ስነሣ ስተኛ ከአጠገብሽ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ለእኔ አንዲት ቃል የለሽም? ልጅሽ አይደለሁም?"

እናቴ የቀሚሷን ጫፍ እያጠፈች ትዘረጋ ነበር።

"ለአንቺ ምን ብዬ ልለምን?" አለች በመጨረሻ። "ለሴት ልጅ ምን ይለመናል? ሥራዋ እንዲሰፋ፣ የራሷ ቤት እንዲኖራት፣ ደግ ሰው እንዲገጥማት። ቢሰማኝስ?"

"ቢሰማሽ ምን ክፋት አለው?"

"ትሄጂያለሻ።"

"ወዴት ነው የምሄደው?"

"ያ ፋብሪካ የጠራሽ ጊዜ ሻንጣሽን ከቁም ሳጥኑ አናት ስታወርጂ ሰምቻለሁ። በፊት በልቤ እለምንልሽ ነበር፤ ያን ሳምንት ግን ልቤም አልታዘዝልሽ አለኝ። ቦታውን ለሌላ ሲሰጡት ደግሞ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስምሽ ጋ ስደርስ ዘልዬው ነው የማልፈው። ወንድምሽ እንደሆነ ሄዷል፤ ለእሱ ብለምን ምን እከስራለሁ? በአንቺ ግን ቀናሁ። ማንም እንዳይወስድብኝ ቀናሁ።"

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሌላ ከተማ ያለ የልብስ ፋብሪካ ለቆራጮች አለቅነት ጠርቶኝ፣ ልሄድ ስል ሐሳቡን ቀየረ። ዕድሌ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር። መናደድ ነበረብኝ፤ ተናድጄም ነበር። ከንዴቱ ሥር ግን አንድ የሚያሳፍር ደስታ ተላወሰ። ለካ እኔም የሚቀናብኝ ሰው ነበረኝ።

እናቴ የሶፋውን ክንድ ይዛ ወደ ወለሉ መውረድ ጀመረች።

"ተይ እማዬ፣ ጉልበትሽ!"

"ልቀቂኝ።"

ተንበረከከች። ስሜን ከነአባቴ ጠራችው። ከእናቴ አፍ እንዲያ ሙሉውን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"ጌታ ሆይ፣ ይቺን ልጄን አንተ እንድትሰጣት የፈራሁትን ሁሉ ስጣት። የራሷን በር ክፈትላት። አንቆ የያዛት የእኔ እጅ ነው፤ እጄን አስለቅቀኝ። እኔን አትይ። ብቻዬን መቅረቱን እለምደዋለሁ።"

ያበጠው ጉልበቷ ወለሉ ላይ ነው። ያ ሁሉ ዓመት የተመኘሁት ጸሎት ይኸው ነበር፤ አሁን ግን አፏን በእጄ ብደፍነው በወደድኩ። እኔም እኮ ጌታ እንደሚሰማት አምናለሁ።

ፊቷን ቀና አድርጋ ጠበቀችኝ። "አሜን በይ እንጂ" አለች።

ጌታ እንዳይሰማት ፈርቼ ዝም አልኩ።