እሳት ያልነካው ጡብ

በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ፍሬን» ነው የሚላት። የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አንድም ቀን ሰው ገጭታ አታውቅም፤ ቅጽል ስሙም የወጣላት ከዚያ ነው። የሹፌሮች ቁጠባ ማኅበር ሰብሳቢ ሲያደርጓትም «ገንዘባችንን ቁልቁለት ላይ የሚይዝልን ሰው አገኘን» ብለው ቀልደውባታል።

ማኅበሩ ገንዘቡን የሚያሠራበት ደንብ አለው። ደንቡን የወለደው መከራ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ጋራዡን ይሞላል፤ በጋው ደግሞ ከዓመት ዓመት እየጋለ ሹፌሩን መሪ ላይ ያዝለዋል። ያኔ ነው አማካሪያቸው፣ ትምህርቷን ከጨረሰች ብዙም ያልቆየች ልጅ፣ ስብሰባ መሀል ብድግ ብላ «ገንዘባችሁ እናንተ ስትተኙም ይሠራል። ምን ሲሠራ እንደሚያድር ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?» ያለቻቸው።

ለካ ብዙው ቁጠባ ከሰል አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነበር። የከሰሉ ጭስ ምድርን እንደሚያሞቅ፣ ሙቀቱ ዝናቡን ከልኩ እንደሚያስወጣው፣ ዝናቡም ዞሮ ጋራዣቸው እንደሚገባ አስረዳቻቸው።  ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት የጭነት መኪና ሹፌር ጺማቸውን እየዳበሱ «እንግዲያው ጎርፉን ስንቀልበው ኖረናል በሉኛ!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከሰል ለሚያነድ ሥራ አንድ ሳንቲም እንዳይወጣ፣ ገንዘቡም ጭስን በሚቀንስ ሥራ ላይ እንዲውል ተወሰነ። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ፍሬን ነበረች።

ወሩ ሳያልቅ ወንድሟ ቤቷ ድረስ መጣ። የእናቷ የመጨረሻ ልጅ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ዳዴ ይል ስለነበር አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን የጡብ ፋብሪካ ባለቤት ሆኗል።

«እትዬ፣ ገበያው ደርቶልኛል» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ሁለተኛ ምድጃ ልተክል ነው። ማኅበራችሁ ሼር ይግባልኝ።»

«ምድጃው በምን ነው የሚነደው?»

«በምን ይነዳል? በከሰል ነዋ!»

«እንግዲያው አይሆንም፣ የኔ ጌታ። ደንብ አለን።»

ሳቀ። እየቀለደች መስሎት ነበር። ፊቷን አይቶ ሳቁን ዋጠ። «ዓለሙን ሁሉ ያሞቀው የኔ ጭስ ነው?»

«ያንተ ብቻ ቢሆንማ በባልዲ ውኃ አጠፋው ነበር።»

ነገሩ ማኅበሩ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ የጠበቀችው ሳይሆን ቀረ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብለው የሚያሟት መስሏት ነበር፤ እነሱ ግን ጥሩ ትርፍ ሸተታቸውና ይማልዱለት ጀመር። «አንድ ጊዜ ብናልፈውስ? ያንቺ ወንድም እኮ ነው» አሏት። ልቧ ተንሸራተተ። እውነት ለመናገር፣ ያን ሌሊት «እሺ ልበለው» ብላ ነው የተኛችው።

በማግስቱ «እሺ» ልትለው ፋብሪካው ሄደች። ምድጃው እየነደደ ነበር። አፋቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ሰዎች ከሰል ይዝቃሉ። ግቢው ዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው አመድ ለብሶ አረንጓዴነቱን ረስቷል። ወንድሟ እየሳለ መጥቶ ሳማት። ያ ሳል ከልጅነቱ የምታውቀው አልነበረም። ይዛው የመጣችውን «እሺ» ተወችው።

«ገንዘቡን እንሰጥሃለን» አለችው። «ሸሪክም እንሆንሃለን። ግን ለምድጃ አይደለም። አማካሪያችን የነገረችኝ ነገር አለ፤ አፈርን ከትንሽ ሲሚንቶ ጋር አደባልቆ በኃይል የሚጨምቅ ማሽን። ጡቡ ጥላ ውስጥ ሆኖ ውኃ እየተረጨ ይጠነክራል። እሳት አይነካውም።»

«ያልበሰለ ጡብ? ሊጥ ልሽጥ ነው የምትይኝ?» ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናታችን ብትኖር እንዲህ አትጨክኝብኝም ነበር» አላት።

ይሄ ቃል አንጀቷን ቆረጠው። ወጥታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ስልክ ስትደውልለት አያነሳም። ልጆቹን እንኳ እሷ ዘንድ መላክ ተወ። ክረምቱ እንዲሁ በኩርፊያ አለፈ።

አንድ እሑድ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ወንድሟ ነው፤ ሁለት ጡብ ታቅፎ ቆሟል። ሰላምታም አልሰጣት።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር አልሰበር አለኝ!»

«ምኑ?»

«ሊጡ! ከከተማ ውጭ የሚሠሩት ሰዎች አሉ፤ ጉዱን አውጥቼ ላሳይሽ ብዬ ገዛሁት። በርሜል ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ከጣሪያ ጣልኩት። በመጨረሻ መኪና አስነዳሁበት።» ጡቦቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። አንዱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሸርፏል፤ ሌላው ደህና ነው። «አሁን ምን ይሻለኛል?»

ፍሬን ሳቋ አመለጣት። እንባዋም አብሮ መጣ። ወንድሟ አንገቱን አቀርቅሮ «ያን ቀን ክፉ ተናገርኩሽ» አለ።

«ተወው፤ ቁርስ በልተሃል?»

እየበሉ ፍርሃቱን ዘረዘረላት። ሠራተኞቼ የት ይወድቃሉ? ደንበኛው እንቢ ቢልስ? እሷም ሁሉንም አውቃለሁ አላለችም። አማካሪዋን ጠርታ ሦስቱ ተነጋገሩ። ማሽኑ በማኅበሩ ገንዘብ እንዲገዛ፣ ሠራተኛም እንዳይቀነስ በውሉ ተጻፈ፤ ማኅበሩም የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ቢዘገይ ሊታገሥ ተስማማ። ሽማግሌው ሹፌር «ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው ይላሉ። እኔ እስካሁን መራራውን ብቻ ነው የቀመስኩት» ብለው ሁሉንም አሳቁና ፈረሙ።

መጀመሪያ ላይ ገዢ ጠፋ። ሰው ጡቡን እያንኳኳ ይሄዳል። ማኅበሩ የራሱን ጋራዥ አጥር በእሱ አሠራ፤ ክረምት መጥቶ ሲሄድ አጥሩ እንደቆመ ነበር። ከዚያ ክሊኒክ የሚሠራ አንድ ተቋራጭ አዘዘ፤ ጡቡ ቤቱን በበጋ ቀዝቃዛ እንደሚያደርገው ሲያይ ደግሞ ወዳጆቹን አመጣ። ትዕዛዙ ሲበዛ ወንድሟ አሮጌውን ምድጃ ለማጥፋት ወሰነ።

በሚጠፋበት ቀን ፍሬንም ተገኘች። ዕድሜውን ሙሉ እሳቱን ሲያነድ የኖረው ሠራተኛ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ሙቀቱ መብረድ እስኪጀምር ቆመ። አሁን ማሽኑን የሚያሠራው እሱ ነው። «ያሳዝናል?» አለችው።

«ልምድ ስለሆነ ይናፍቃል። ሚስቴ ግን ሸሚዜ ነጭ መሆኑን ገና አሁን አወቀች።»

የአንድ ምድጃ መጥፋት ሰማዩን እንደማይፈውስ ፍሬን ታውቃለች። ግን የሌላ ፋብሪካ ባለቤቶችም ማሽኑን ሊያዩ መምጣት ጀምረዋል።

ባለፈው ስብሰባ አዲስ ሐሳብ ቀረበ፤ በባትሪ የሚሄዱ አውቶቡሶች ለከተማው ለመግዛት ከሌሎች ማኅበራት ጋር መዋጮ እንግባ የሚል። አማካሪዋ እያስረዳች ሳለ ሽማግሌው ሹፌር እጃቸውን አወጡ።

«ሞተሩ አይጮህም አልሽ?»

«አዎ አባባ፣ ድምፅ የለውም።»

«ታዲያ መንገደኛው ሹፌሩን ሲሰድብ ሁሉ ነገር ሊሰማ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ በርዶ «የሚደግፍ?» ሲባል ሽማግሌው ራሳቸው የመጀመሪያውን እጅ አወጡ።